ዙፋን ያልፋል፤ የአያቶቻችን ቅርስ ግን በእኛ እጅ ነው

  

በዚህ በረመዷን ወር ወደ እኛ ወደ ኢማሞች ብዙ ጥያቄ ይመጣል። አብዛኛው የጾም ሕግ ነው፤ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ነፍሰ ጡር፣ ስለ ፊድያ፣ ስለ ዘካተል ፊጥር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን አንድ ሌላ ጥያቄ እየበዛ መጥቷል። ከኢፍጧር በኋላ ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲቀመጥ አያት የለመዱት መንዙማ እንዲከፈትላቸው ይጠይቃሉ። የልጅ ልጅ ደግሞ «ይህ ቢድዓ ነው፤ ይዘጋ» ይላል። አባት ከመሐል ተይዞ የሚለው ይጠፋዋል። በአንዳንድ ቤት ነገሩ በሳቅ ያልፋል፤ በአንዳንድ ቤት ግን አያት ተቀይመው ወደ መኝታቸው ይገባሉ። በሌላ ቤት ደግሞ ጠብ የለም፤ ነገር ግን የቅድመ አያት የእጅ ጽሑፍ ኪታብ በሳጥን ውስጥ ብል እየበላው ነው፤ ወይም ጥሩ ዋጋ እከፍላለሁ ለሚል ደላላ ሊሸጥ ነው።

እነዚህ ሁለት ነገሮች በእኛ እምነት አንድ ናቸው። ሁለቱም የሚጠይቁት ሃይማኖታችን በምን ዕቃ ተሸክሞ እስከ እኛ እንደ ደረሰ ነው። ለመመለስ ደግሞ መንግሥት፣ ሃይማኖትና ኪነ ጥበብ በታሪክ ውስጥ እንዴት አብረው እንደ ሄዱ፣ የት ላይ እንደ ተጋጩ ማየት ያስፈልጋል። ታሪኩን የምናነሳው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ዛሬ በቤታችን ለምንወስነው ውሳኔ መብራት እንዲሆነን ነው።

ሦስቱም በአንዲት ገንዘብ ላይ

የአክሱም ነገሥታት ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ የራሳቸውን ገንዘብ ቀድመው ያስቀረጹ ነገሥታት ናቸው። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጸው ገንዘብ ላይ የጨረቃና የክብ ምልክት ይታያል። ከተቀበለ በኋላ በዚያ ቦታ መስቀል ተተካ። በጣት ጫፍ በምትያዝ ብረት ላይ የንጉሡ ሥልጣን፣ የንጉሡ እምነትና የቀራጩ ጥበብ በአንድነት ተቀምጠዋል።

ከሦስት መቶ ዓመታት ያህል በኋላ ተመሳሳይ ነገር በደማስቆ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች የራሳቸው ገንዘብ አልነበራቸውም። በሮማውያን የወርቅ ዲናርና በፋርሶች የብር ድርሃም ይገበያዩ ነበር፤ በላዩም የነገሥታት መልክ ነበረበት። የኡመያው ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ ኢብን መርዋን በ77 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ697 አካባቢ፣ ምስሉን አንስቶ የተውሒድን ቃል በዐረብኛ ጽሑፍ አስቀረጸበት። ከዚያ በፊትም በ72 ዓመተ ሂጅራ በአል-ቁድስ ቁበቱ ሰኽራን አሠርቶ ውስጡን በቁርኣን አንቀጾች አስጊጦታል። የመዝገብ ቤቱን ቋንቋም ወደ ዐረብኛ አዞረ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የእስልምና ዋናው የዓይን ጥበብ ጽሑፍ ሆነ። ሌላው ሕዝብ ምስል በሚያኖርበት ቦታ ሙስሊሙ ፊደል አኖረ። ዛሬ በየሳሎናችን ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው በወርቅ ቀለም የተጻፈ «አላህ» የዚያ ረጅም ታሪክ ቅጥያ ነው። መልካም ነው፤ ግን ልብ እንበል። ያንን በር የከፈተው መንግሥት ነበር። ኡመያዎች በ132 ዓመተ ሂጅራ ወደቁ። ፊደሉ ግን አልወደቀም።

በነቢዩ መስጊድ ውስጥ ግጥም

አንዳንድ ወጣቶቻችን ኪነ ጥበብ ከዲን ውጭ የመጣ እንግዳ ነገር ይመስላቸዋል። ቁርኣን ግጥም አይደለም፤ የአላህ ቃል ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ሱረቱ ሹዐራእም በየሸለቆው የሚባዝኑትንና የማያደርጉትን የሚናገሩትን ገጣሚዎች ወቅሷል። ሆኖም እዚያው ሱራ መጨረሻ ላይ ያመኑትን፣ መልካም የሠሩትንና አላህን በብዛት ያወሱትን ከወቀሳው ለይቶ አውጥቷቸዋል። የተወቀሰው ግጥም መሆኑ ሳይሆን ውሸቱ ነው ማለት ነው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሐሳን ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ.) በግጥሙ ከእስልምና እንዲከላከል በመስጊዳቸው ውስጥ ሚንበር ያስቆሙለት እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ኋላም በዑመር (ረ.ዐ.) ዘመን ሐሳን በመስጊድ ግጥም ሲል ዑመር ዘወር ብለው ቢያዩት፣ ከእርስዎ የሚበልጡት ባሉበትም እዚህ ግጥም እል ነበር ብሎ መለሰላቸው። ዑመርም አላገዱትም።

እኛን ሐበሾችን የሚመለከት ደግሞ ሌላ ዘገባ አለ። በዒድ ቀን ሐበሾች በነቢዩ መስጊድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) እናታችን ዓኢሻን (ረ.ዐ.) ከኋላቸው አቁመው እስክትጠግብ ድረስ አሳይተዋታል። ዑመር ሊከለክሏቸው ሲሉም ተዋቸው ብለዋል። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። የእኛ ሰዎች ባህላቸውን ይዘው ወደ መስጊዱ ገቡ፤ አልተባረሩም።

ከዚያ በፊት በ615 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ወደዚህ ምድር ሲመጡ የሆነውንም እናስታውስ። የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው ስደተኞቹን ሊያስመልሱ መጡ። ነጃሺ ግን ሳይሰማ አልፈረደም። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) ከሱረቱ መርየም ሲያነቡ ንጉሡም በዙሪያው የነበሩትም አለቀሱ። ስደተኞቹንም አሳልፎ አልሰጠም። በዚያ አዳራሽ መንግሥት ፍትሕ ነበር፤ ሃይማኖት እውነት ነበር፤ ያማረው ንባብም እውነቱን ከጆሮ ወደ ልብ አደረሰ። ሦስቱ እንዲህ በየቦታቸው ሲቆሙ ምን ያህል እንደሚያምሩ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለንም።

ዙፋን ከድንበሩ ሲያልፍ

ታሪክ ግን ሁልጊዜ እንደ ነጃሺ አዳራሽ አይደለም። በባግዳድ ኸሊፋው አል-መእሙን በ218 ዓመተ ሂጅራ ዑለማእን ሰብስቦ ቁርኣን ፍጡር ነው የሚለውን አመለካከት እንዲቀበሉ አስገደደ። እምቢ ያሉት ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል ታሰሩ፤ በተከታዩ በአል-ሙዕተሲም ዘመንም ተገረፉ። መንግሥት ሳይፈቀድለት ሙፍቲ ሆነ። ዓመታት ቆይቶ ኸሊፋ ሲለወጥ ትእዛዙ ተሻረ። ዛሬ ከአራቱ መዝሀቦች ኢማሞች አንዱ ሆነው የሚታወሱት አሕመድ ናቸው፤ የገራፊዎቹን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው።

በኪነ ጥበብም እንዲሁ ሆኗል። ኢብን ሙቅላ በአባሲያዎች ዘመን ለሦስት ኸሊፋዎች ሚኒስትር ነበር። የዐረብኛን ፊደል ልክና ሚዛን ያበጀለት፣ ዛሬ የምናየውን ያማረ ጽሑፍ መሠረት የጣለ ሰው ነው። በቤተ መንግሥት ሽኩቻ ተይዞ ቀኝ እጁ ተቆረጠ፤ እ.ኤ.አ. በ940 በእስር ሞተ። ቁርኣን የጻፈ እጄ እንደ ሌባ እጅ ተቆረጠ እያለ ያለቅስ እንደነበረ፣ ብዕርም በክንዱ ላይ እያሰረ ይጽፍ እንደነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ለሥልጣን የተጠጋ ጥበብ በሥልጣን እንደሚመታ ከዚህ በላይ ምን ያስተምራል? እጁን የቆረጡት አለፉ። ሚዛኑ ግን ዛሬም የትም ባለ ጽሑፍ ላይ አለ።

በአገራችንም ዙፋን ሃይማኖትን እንደ ሰይፍ የያዘባቸው ዘመናት ነበሩ። እውነቱን ስንናገር በሁለቱም ወገን መናገር አለብን። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ኢብራሂም ዘመቻ ጊዜ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት፣ ከነሥዕላቸውና ከነመጻሕፍታቸው ተቃጥለዋል፤ የዘመቻው ታሪክ ጸሐፊ ራሱ መዝግቦታል። በ1870 ዓ.ም. ደግሞ በደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ አዘዙ። የወሎ መሪዎች ተጠመቁ፤ ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ራስ ሚካኤል ተባሉ። ሕዝቡ ግን ገሚሱ ተሰደደ፣ ገሚሱ ተዋጋ፤ ገሚሱም ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ።

ይህን የምናነሳው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ወሎ ዛሬ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤት የሚኖሩበት፣ ሰርጉንና ለቅሶውን አብሮ የሚወጣበት አገር ነው። የቤተ መንግሥቱ ትእዛዝ ሕዝቡን ሊለያየው አልቻለም። የምናነሳው በዚያ ጊዜ ሃይማኖትን ማን እንደ ጠበቀው ለመጠየቅ ነው።

ሌሊቱን የጠበቀው መንዙማ

መልሱ ከመንዙማው ጋር ያገናኘናል። ቀን ለማይነገር እምነት ሌሊት አፍ ያስፈልገዋል። ከቦሩ ሜዳ በፊትም በ18ኛው ክፍለ ዘመን በወሎ እንደ ጀማ ንጉሥ ያሉ ሐሪማዎች ተመሥርተው ነበር፤ ከቀደምቶቹ ውስጥ የጀማ ንጉሡ ሼኽ ሙሐመድ ሻፊ ይገኙበታል። እንደ ጌታና ዳና ያሉትም የዕውቀት ማእከላት ነበሩ። በነዚህ ቦታዎች ደረሳው ፊቅሁን፣ ነሕውን፣ ተፍሲሩን በዐረብኛ ይማራል። ገበሬውና እረኛው ግን ዐረብኛ አያውቅም። ለእሱ ተውሒዱ፣ የነቢዩ ሲራ፣ የቂያማ ቀን ወሬ፣ የወላጅ ሐቅ በአማርኛ ግጥም ተነገረው። ያ ነው መንዙማ። ማንበብ የማይችል ሰው በጆሮው ይማርበታል፤ ቃሉ ቤት እየመታ ስለሚሄድም አይረሳውም።

የቦሩ ሜዳን ትእዛዝ ከተቃወሙት መካከል ሼኽ ጦልሃ ኢብን ጃዕፈር አንዱ ናቸው። ሼኽ ጦልሃ በጦርም በቃልም ታግለዋል፤ ያዘጋጁት የአማርኛ መንዙማ እስከ ዛሬ ይታወቃል። የተጻፈውም በዐረብኛ ፊደል ነው። ይህን ዓይነቱን ጽሑፍ ዐጀሚ እንለዋለን። ቋንቋው አማርኛ፣ ፊደሉ ዐረብኛ። በዐረብኛ ለሌሉት እንደ ጨ እና ጰ ላሉ ድምፆች ጸሐፊዎቹ ባሉት ፊደላት ላይ ምልክት እየጨመሩ መላ አበጁ።

ለምን በግዕዝ ፊደል አልጻፉም? ምክንያቱ ጥላቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን የግዕዝ ፊደል የሚማሩት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነበር፤ የሙስሊሙ ልጅ ፊደል የሚቆጥረው በቁርኣን ቤት ነበር። በእጁ ያለውን ፊደል ወስዶ በአፉ ያለውን ቋንቋ ጻፈበት። ከመንግሥት ምንም ድጋፍ ሳያገኝ የራሱን ሥነ ጽሑፍ ፈጠረ።

ሐረርም እንዲሁ ናት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት የጀጎል ግንብ ከተማይቱን ከቧታል፤ ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባት 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መቃብሮች እንዳሏት ጠቅሷል። አሚሮቿ የራሳቸውን ገንዘብ ያስቀርጹ ነበር። ሐረሪኛም በዐረብኛ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ የከተማይቱ መጽሐፍ ደጓሾችም በቆዳ ሥራቸው ዝነኛ ነበሩ። በጨለንቆ ጦርነት ማግስት በ1887 እ.ኤ.አ. የአሚሮቹ መንግሥት አበቃ። ገንዘባቸው ዛሬ በሙዚየም መስኮት ውስጥ ነው። ዚክሩና ኪታቡ ግን በየቤቱ ቀርቷል፤ ቤተሰብ ያቆየው መንግሥት ካቆየው በለጠ።

በእኛ ዘመን የተለወጠውና ያልተለወጠው

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የቁርኣንን የአማርኛ ትርጉም በ1961 ዓ.ም. አሳትሟል። ሥራውን የሠሩት ሼኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሣኒ ሐቢብ አላህ ይዘንላቸው፤ ትውልድ አንብቦበታል። በዚያው ዘመን ግን ሙስሊሙ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» እየተባለ እንደ እንግዳ ይጠራ ነበር። በሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሙ ከክርስቲያን ወንድሞቹ ጋር በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ወጥቶ እኩልነትን ጠየቀ። በኋላ የመጣው ደርግ ዒድ አልፈጥርን፣ ዐረፋንና መውሊድን ብሔራዊ በዓል አደረገ፤ ግን ሃይማኖትን በጥርጣሬ የሚያይ መንግሥት ነበረና በሌላ በኩል አጠበበብን።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገቡ ደነገገ። በ2004 ዓ.ም. ሙስሊሙ ያነሳው ጥያቄም ይህ ድንጋጌ ይከበር የሚል ነበር። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። አልሐምዱ ሊላህ፤ ይህ አባቶቻችን የለፉበት ነው።

ነገር ግን አዋጅ ቅርስ አይጠብቅም። በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ የነጃሺ መስጊድ ሲጎዳ ሁላችንም አዝነናል። በየሳጥኑ ውስጥ የሚያልቁት ኪታቦች ግን ጥይት ሳይተኮስ፣ ማንም ሳያዝን እያለቁ ናቸው። ሲሸጡም ዜና አይሆኑም። በዚህ ላይ ነው ለአንባቢ ቤተሰቦች አቋማችንን በግልጽ ለመናገር የምንፈልገው።

አንደኛ፣ ስለ መንዙማው። የወጣቶቻችን ሥጋት ባዶ አይደለም። ከአላህ ብቻ የሚለመነውን ከፍጡር የሚለምን ስንኝ ካለ መታረም አለበት፤ ይህን ለማለት አናፍርም። በድቤውና በጭብጨባው ላይም ዑለማእ ተለያይተዋል፤ የሚከለክሉትም የሚፈቅዱትም ማስረጃ አላቸው። ልዩነት ባለበት ጉዳይ ግን አያትን «ሙሽሪክ» ብሎ መስደብ ራሱ ከመንዙማው ይልቅ የከፋ ጥፋት ነው። የወላጅ ሐቅ ልዩነት የሌለበት ግዴታ ነውና። ልጃችን፣ የአያትህ መንዙማ ውስጥ የማይስማማህ ስንኝ ካለ ያንን ስንኝ ለይተህ በአክብሮት ጠይቅ፤ ሌላውን ዘጠኝ እጅ አድምጥ። ስለ ሞት፣ ስለ ሶላት፣ ስለ የቲም የሚናገረውን ሰምተህ ታውቃለህን? እናቶችና አባቶችም፣ ልጁ ሲጠይቅ «ድሮም እንዲህ ነው» ብላችሁ አታፍኑት። ጥያቄ የጠየቀ ልጅ ለዲኑ ያሰበ ልጅ ነው።

ለአዚያሚዎቻችንም አንድ ቃል አለን። መንዙማ ተውሒድን ሲያስተምር ኖሮ በአንድ ዘመን ባለሥልጣንን ወይም ባለሀብትን ማወደሻ ከሆነ ያዋርደዋል። ኢብን ሙቅላን ያስታውሱ።

ሁለተኛ፣ ስለ ኪታቡ። በቤታችሁ በእጅ የተጻፈ ኪታብ ካለ አትሽጡት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትን ይከለክላል፤ ከሕጉ በላይ ግን አማናው አለ። የተቸገረ ቤተሰብ መኖሩን እናውቃለን፤ ያ ቤተሰብ ከመሸጡ በፊት ለመስጊዱ ይንገር፤ ጀመዓውም በዘካና በሰደቃ ይድረስለት። ኪታቡን ከመሬት ከፍ ባለ፣ ደረቅና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አስቀምጡ። በላስቲክ ጠቅልላችሁ አታፍኑት፤ እርጥበት ያበሰብሰዋል። የተቀደደውን በማጣበቂያ ፕላስተር አትለጥፉ። የተነጠሉ ወረቀቶችን ከቦታቸው አታዛውሩ። በንጹሕና ደረቅ እጅ፣ ገጽ በገጽ፣ በስልካችሁ ካሜራ አንሱት። ምስሉን ከአንድ ስልክ በላይ አስቀምጡ። ኪታቡ የማን እንደነበረ፣ ከየት እንደ መጣ የሚያውቁት አያት ሳይሞቱ ጠይቃችሁ ጻፉ።

ሦስተኛ፣ ስለ ልጆቻችን። እዚህ ላይ የተሰወረ ሀብት አለን። ቁርኣን ያከተመ ልጅ የዐረብኛ ፊደል ያነባል። አማርኛ አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው። እንግዲህ ዐጀሚን ለማንበብ የሚያስፈልጉት ሁለቱም ቁልፎች በእጁ ናቸው፤ በሩን ያሳየው ሰው ብቻ ነው የጠፋው። ትልልቅ ምሁራን ከውጭ አገር መጥተው በድካም የሚማሩትን የእኛ የአሥር ዓመት ልጅ በጥቂት ሳምንት ሊማረው ይችላል። መድረሳዎቻችን በሳምንት አንድ ሰዓት ለዚህ ቢሰጡ፣ ለተጨመሩት ምልክቶች አንድ ገጽ መግለጫ አዘጋጅተው ከአሮጌው መንዙማ አሥር አሥር መስመር ቢያስነብቡ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ሳጥኑን ከፍቶ የሚያነብ ትውልድ ይኖረናል። ካላደረግን ኪታቡ ከብል ቢተርፍ እንኳ አንባቢ አጥቶ ይሞታል።

አራተኛ፣ ስለ መንግሥት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም ሌሎች የቅርስ ቤቶችም የእስልምና ጽሑፎችን ሰብስበው ይዘዋል፤ እናመሰግናለን። መንግሥትን የምንጠይቀው ግልጽ ነው። ቅርሱን ይመዝግብ፣ ያድስ፣ ባለቤቱን ሳያፈናቅል ፎቶ ያንሳ፣ ከአገር እንዳይወጣ ይጠብቅ፣ በትምህርት መጻሕፍትም የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሲነገር ዐጀሚው አይዘለል። የትኛው መንዙማ ትክክል ነው፣ የትኛው ስህተት ነው የሚለውን ግን አይፍረድ። ያ የዑለማእ ሥራ ነው። የባግዳዱን የአል-መእሙንን ስህተት ማንም እንዲደግመው አንሻም፤ እኛም በመካከላችን ስንከራከር አንዱ ሌላውን ለማስዘጋት ወደ መንግሥት በር አንሩጥ። ዛሬ ለእኛ የዘጋልን እጅ ነገ እኛን ይዘጋል።

አንዳንዶች «ሕዝብ በኑሮ ውድነት ተጨንቆ፣ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሎ፣ እናንተ ስለ አሮጌ ወረቀት ታወራላችሁ?» ይሉን ይሆናል። የተራበን ማብላት ይቀድማል፤ በዚህ ወር ደግሞ ይበልጥ። ነገር ግን ከቀዬው የተፈናቀለ ሰው ምን ይዞ እንደሚሄድ እዩ። ቤቱን አይይዝም፤ ከብቱን አይይዝም። በልቡ ያለውን ዱዓና እናቱ ያስጠናችውን መንዙማ ይዞ ይሄዳል። የወሎ አባቶቻችን የተሰደዱት ይህንኑ ይዘው ነበር። ሕዝብ በችግር ቀን የሚቆምበት መሬት ይህ ነውና የቅንጦት ጉዳይ አድርገን አንየው።

የቀሩት የረመዷን ሌሊቶች ጥቂት ናቸው። ከተራዊህ በኋላ ቴሌቪዥኑ ለግማሽ ሰዓት ይዘጋ። ሳጥኑ ይከፈት። ትልቁ ሰው ይናገር፤ ትንሹ ይጻፍ። ያልገባው ይጠይቅ፤ የተጠየቀው አይቆጣ። ለዚህ አዋጅም በጀትም አያስፈልግም።

አላህ (ሱ.ወ.) አባቶቻችንንና እናቶቻችንን በራሕመቱ ይቀበላቸው። አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ መሪዎቻችንን እንደ ነጃሺ ሰምተው የሚፈርዱ ያድርግልን። ልጆቻችንን ዲናቸውን የሚያውቁ፣ ታላቃቸውን የሚያከብሩ ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።